ቴሌቪዥን የዘፋኝ ጡረታ አይደለም

አንድ ዘፋኝ ማይኩን አስቀምጦ የቴሌቪዥን ፕሮግራም መምራት ሲጀምር አፋችን ላይ የሚመጣው አንድ ነገር ነው። «አለቀለት» እንላለን። ድምፁ ከዳው፣ አልበሙ አልሸጥ አለ፣ ስለዚህ ወደ ሳቅና ጨዋታው ዞረ። ይሄ ፍርድ ብዙ ጊዜ ችኩል ይመስለኛል። እንግሊዛዊቷ ሲላ ብላክን ይዤ ልከራከር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

በ80ዎቹና በ90ዎቹ እንግሊዝ አገር የኖረ ሐበሻ ሲላን ሳያያት አይቀርም። ግን በዘፋኝነቷ አይደለም። ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ወጣቶች የምታገናኝ፣ ቀይ ፀጉር ያላት፣ አፏ የማያርፍ ሴትዮ ናት ለእሱ። ዘፋኝ እንደነበረች ሲነገረው «እሷ?» የሚል ሞልቷል።

ሲላ በ1943 ሊቨርፑል ተወለደች። አባቷ የወደብ ሠራተኛ፣ እናቷ ገበያ ላይ ሰልባጅ ሻጭ ነበሩ። ቤታቸው ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ነበር። እውነተኛ ስሟ ፕሪሲላ ዋይት ነው። የከተማዋ የሙዚቃ ጋዜጣ ተሳስቶ «ብላክ» ብሎ አወጣት፣ እሷም ወደደችውና በዚያው ቀረ። ቀን ታይፒስት ነበረች። ማታ ደግሞ ዝነኛው ባንድ ቢትልሶች በሚጫወቱበት ካቨርን ክለብ የሰው ካፖርት ተቀብላ ታስቀምጣለች፣ ዕድል ሲሰጣት መድረክ ላይ ትወጣለች። የቢትልሶች ማናጀር ብራያን ኤፕስታይን መጀመሪያ ሲሰማት አልጣመችውም። በኋላ ሌላ ክለብ ውስጥ ስትዘፍን አያትና በ1963 አስፈረማት። በ1964 ሁለት ዘፈኖቿ በእንግሊዝ የዘፈን ሰንጠረዥ ተከታትለው አንደኛ ወጡ።

የመጀመሪያውን አሜሪካዊቷ ዲዮን ዋርዊክ ቀድማ ዘፍናው ነበር። «ቀዳችብኝ» ብላ ለዓመታት አማርራለች። እውነቱን ለመናገር፣ ዋርዊክ ብዙም አልተሳሳተችም።

ሲላ ድምፅ አልነበራትም ለሚል ሰው ግን መልስ አለኝ። «አልፊ» የተሰኘው ዘፈን ሲቀዳ የተነሳ ፊልም አለ፣ ፈልጋችሁ እዩት። ዘፈኑን ዝፈኚ ስትባል መጀመሪያ አልፈለገችም። በቀጥታ እምቢ ማለቱ ስለከበዳት ቅድመ ሁኔታ ታበዛ ጀመር። የዜማው ደራሲ በርት ባካራክ ራሱ ያቀናብረው አለች። እሺ ተባለች። እንግዲያው ከአሜሪካ ለንደን ድረስ ይምጣ አለች። እሺ። ፒያኖውንም ራሱ ይጫወት። አሁንም እሺ! ሰበቡ አለቀባት፣ ዘፈነች። አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ ሙሉ ኦርኬስትራ ተቀምጦ ባካራክ ከፒያኖው ሆኖ እየመራ «እንደገና»፣ «አሁንም እንደገና» ይላታል። ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲን በመጨረሻ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው ይባላል። ያቺን ትንሽ አስማት ነው ሲል መለሰ ባካራክ። እሷንማ አራተኛው ቅጂ ላይ አግኝተናታል አለው ማርቲን። ፊልሙ ላይ የሲላን ፊት ተመልከቱ። ደክሟታል፣ ግን አንዲት ኖታ አትለቅም።

አሁን ወደ ክርክሬ። ኤፕስታይን በ1967 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ከቢቢሲ ጋር አገናኝቷት ነበር። በ1968 መጀመሪያ በስሟ የተጠራ ፕሮግራም ጀመረች። የመክፈቻውን ዘፈን የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ጻፈላት። ያኔ 24 ዓመቷ ነው። በ24 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ማን አለ? በ1971 ደግሞ ሌላ ዘፈኗ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 3ኛ ደረጃ ደረሰ፣ እሱም የዚያው ፕሮግራም መክፈቻ ነበር። ቴሌቪዥኑ ዘፈኑን አልገደለውም። እንዲያውም ዕድሜ ጨመረለት።

በዚያ ፕሮግራም ላይ ከዘፈኑ ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሲላ ካሜራ አስከትላ ትወጣና ሳይታሰብ የሰው በር ታንኳኳለች። በቀጥታ ስርጭት! በሩን የሚከፍተው ሰው ምን እንደሚል አይታወቅም፣ ጽሑፍ የለ፣ ልምምድ የለ። እሷ ግን የጎረቤት ልጅ ይመስል ትገባና ወሬውን ትቀጥላለች። ይህን ማንም ማናጀር አያስተምርም። ከገበያና ከካፖርት መስቀያው የመጣ ነው ባይ ነኝ።

በ70ዎቹ መጨረሻ ቀዘቀዘች። በ1983 አንድ የቢቢሲ ቃለ መጠይቅ ላይ ቀርባ በሊቨርፑል አነጋገሯ የድሮ ታሪኳን ስታወራ ታዳሚው በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ጣቢያ ወዲያው ወሰዳት። ያ ወጣቶች የምታገናኝበት የቅዳሜ ማታ ፕሮግራም፣ «ብላይንድ ዴት»፣ በ1985 ተጀመረ። አንዷ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከግድግዳው ወዲያ ሦስት ወንዶች አሉ፣ አታያቸውም። ሦስት ጥያቄ ትጠይቃለች፣ አንዱን ትመርጣለች፣ ግድግዳው ይንሸራተትና ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከዚያ ሽርሽር ይላካሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጥተው ስለ እርስ በርሳቸው የልባቸውን ያፈሳሉ። በሌላው ሳምንት ደግሞ መራጩ ወንድ ይሆናል። የሙከራውን ቅጂ የመራው ሌላ ኮሜዲያን ነበር፣ በኋላ ግን ለሲላ ሰጧት።

ጨዋታው በራሱ ትንሽ ባለጌ ነው። ሌላ ሰው ቢመራው እናትና ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ሆነው ለማየት ያፍሩ ነበር። ሲላ ግን ሰርግ ለማየት እንደቸኮለች አክስት ሆና ስለመጣች ነውሩ ጠፋ። «ስምሽ ማነው? ከየት ነው የመጣሽው?» ትላለች፣ ልጅቷ ትፈታለች። ሁለቱ የሚስማሙ ከመሰላት «ለሰርጉ ኮፍያ ልግዛ» ትላለች። በ1991 ከፕሮግራሙ ጥንዶች የመጀመሪያዎቹ ሲጋቡ እሷም ሰርጋቸው ላይ ተገኝታለች። እኔ የማደንቅላት ግን ግድግዳው ከመንሸራተቱ በፊት የምትተዋትን ዝምታ ነው። ሰከንዷ አታጥርም፣ አትረዝምም። ዘፋኝ ካልሆነ ማን ነው እንዲህ ዓይነት ዝምታ የሚለካው?

ሁሉ ነገሯ ማር ነው አልልም። ወግ አጥባቂዋን ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርን በአደባባይ ትደግፍ ነበር፣ ይሄ የወደብ ሠራተኞች ከተማ ለሆነችው ሊቨርፑል ቀላል ነገር አይደለም። እዚያ እስከ ዛሬ የሚቀየማት አለ፣ አልፈርድበትም። እንግዶቿንም አንዳንዴ ከልክ በላይ ትነካካለች።

አወጣጧን ግን ወድጄላታለሁ። ባሏና ማናጀሯ ቦቢ ዊሊስ በ1999 ሞተ። ፕሮግራሙም ተመልካች እያጣ ነበር፣ አዳዲስ ነገር ይለጣጥፉበት ጀመር። በጥር 2003 በቀጥታ ስርጭት ሲቀርብ ሲላ ካሜራው ፊት ቆማ መልቀቋን ተናገረች። አለቆቿም ከሕዝቡ ጋር እኩል ሰሙ።

በነሐሴ 2015 ስፔን በሚገኘው ቤቷ ወድቃ አረፈች። 72 ዓመቷ ነበር። በዚያው ወር የምርጥ ዘፈኖቿ ስብስብ በእንግሊዝ የአልበም ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በሕይወት ሳለች አንድም አልበሟ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ከገዙት ሰዎች ስንቶቹ በ1964 ነፍስ ያወቁ ነበሩ? ብዙዎቹ ሲላን የሚያውቋት ቅዳሜ ማታ ነው፣ በዚያ በኩል ነው ወደ ዘፈኑ የመጡት።