ይድረስ ለክቡር ዲፎልት ሎግኢን ገጽ

ጉዳዩ፦ ከበር ላይ የተነሡበትን ምክንያት ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ናፍቆትዎም ቢሆን ገና አልጀመረኝም። ጅማ እንደ ልማዷ እየዘነበባት ነው፣ አዌቱም ድፍርስ ብሎ ይወርዳል።

ትውውቃችን እንዲህ ነበር። ለአንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት የመጋዘን መመዝገቢያ በጃቫ እየሠራሁ ሳለ ስፕሪንግ ሴኩሪቲን፣ ማለትም ማን ይግባ ማን ይከልከል የሚለውን የሚቆጣጠረውን ዝግጁ ፕሮግራም፣ ወደ ፕሮጀክቱ አስገባሁ። ሲስተሙን ሳስነሣው እርስዎ፣ እሱ ሳይጠየቅ የሚያቀርበው መግቢያ ገጽ፣ ነጯን ሳጥንዎን ይዘው፣ «ፕሊዝ ሳይን ኢን» የሚል ርዕስ ከላይ ሰቅለው በሩ ላይ ተሰይመዋል። ማስታወቂያ አልወጣ፣ ፈተና አልተሰጠ። ሹመት እንዲህ ሲገኝ አይቼ አላውቅም ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ሲመጡ ለሁላችንም የሚሆን አንድ ስም ይዘው መጡ፦ «ዩዘር»። ፓስዎርዱን ደግሞ በሰርቨሩ ጥቁር መስኮት ላይ ሰረዙን ጨምሮ በ36 ምልክት ጻፉልን፤ ሲስተሙ በጠፋና በተነሣ ቁጥርም አዲስ ይፈለፍላሉ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፓስዎርድ የሚለውጥ ሹም ጅማ ላይ ስንት ፓስዎርድ እንደሚጨርስ ማን በነገረዎት! «ይህ ለሙከራ እንጂ ለሥራ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ እዚያው መስኮት ላይ እንደጻፉ አይቻለሁ። ማስጠንቀቂያ ለጥፎ መቀመጡን ግን የቢሮ ሰው ሁሉ ያውቅበታል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ሐጂ ከእርስዎ ጋር የተገናኙ ዕለት «ባድ ክሬደንሺያልስ» አሏቸው። ወዲያው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ስሜ ነው የተበላሸው ወይስ ፓስዎርዱ?»

«እሱን አይናገርም፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ካልተናገረ ለምን በቀይ ይቆጣል?»

እዚህ ላይ ለእውነት ስል ልመስክርልዎ። የቱ እንደተሳሳተ አለመናገርዎ ብልሃት ነው። «ስሙስ አለ፣ ፓስዎርዱ ነው እንጂ» ቢሉ ኖሮ ሌባው ትክክለኛ ስሞችን አንድ በአንድ ይለቅም ነበር። ዝምታዎን አልጠላሁትም፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ዝም ማለትዎ ነው የከፋኝ። ጅማ ላይ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ዝም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የራሴን ገጽ ሠራሁ፤ በሁለቱ ቋንቋዎች፣ ፊደሉ ለሐጂ ዓይን ጎላ ያለ። አድራሻውንም በማዋቀሪያው ውስጥ አስመዘገብኩ። የመሥሪያ ቤትዎን ጠባይ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ያልገባ ሰው ምንም ገጽ አያይም የሚለው ደንባችሁ የመግቢያውን ገጽም ይጨምራል ለካ! ብራውዘሩ የመግቢያውን ገጽ ሲጠይቅ «መጀመሪያ ግባ» ተብሎ ወደ መግቢያው ገጽ ይላካል፤ እዚያ ሲደርስ ያልገባ ነውና እንደገና ወደ መግቢያው ገጽ ይላካል። ሲመላለስ ቆይቶ «ሪዳይሬክቱ በዛብኝ» ብሎ እጁን ሰጠ። መታወቂያ ለማውጣት መታወቂያ ይዘህ ና የተባለ ሰው ይረዳዋል። የዚህ ሁሉ መፍቻ «ፐርሚት ኦል» የምትባል አንዲት ትእዛዝ ነች፤ ይህን ገጽ ሁሉም ይየው ማለት ነው።

ገጹ ተከፈተ፤ ግን ራቁቱን። የስታይል ፋይሉም ያልገባ እንግዳ ተብሎ በር ላይ ተይዟል። በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው ስፕሪንግ ቡት 2 (የስፕሪንግን ሥራ የሚያስነሣልን መሣሪያ) ወዲህ ቀለምና ሥዕል የያዘው ፋይል ሳይቀር ካልተፈቀደለት አያልፍም። እሺ፣ ጥብቅነት ነው እንበል። ሒሳብ ያዥዋ ላይ የደረሰውን ግን ምን እንበለው? ስሟንም ፓስዎርዷንም በትክክል ጻፈች፣ ገባች፣ የዕለቱን ርክክብ ስትጠብቅ «ቦዲ»፣ «ማርጂን»፣ «ፓዲንግ» እያለ እስከ ታች የሚወርድ ጽሑፍ ስክሪኑን ሞላው። ዓይኗን አጥብባ አነበበችና «ወንድሜ፣ ይሄ የማን ሒሳብ ነው?» አለችኝ። ነገሩ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ትሕትና ነው፦ ሰው ከመግባቱ በፊት በመጨረሻ የጠየቀውን ይመዘግባል፣ ሲገባ ወደዚያው ይሸኘዋል። ብራውዘሩ በመጨረሻ የጠየቀው የተከለከለውን የስታይል ፋይል ነበርና ወደ እሱ ሸኛት። ለፋይሎቹ ፈቃድ ሲሰጥ ገጹ ለበሰ፣ እሷም ርክክቧን አገኘች።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ ዋናው ቅያሜዬ እዚህ ነው። ፎርሙ ሲላክ በውስጡ የተደበቀ ምልክት ይፈለጋል፤ ሲኤስአርኤፍ ይሉታል። ሌላ ድረ ገጽ ብራውዘራችንን አታልሎ በእኛ ስም ፎርም እንዳይልክ ነው፤ ተገቢ ነው። ታይምሊፍ የሚባለውን የገጽ መሥሪያ የሚጠቀም ሰው በፎርሙ አክሽን (ፎርሙ የሚላክበት አድራሻ) ፊት «ቲኤች» የምትለዋን ካስቀደመ ምልክቱ ራሱ ይገባል፤ ተራ አክሽን የጻፈ ግን ራሱ ይጨምረው። እስከዚህ ድረስ ተስማምተናል። ምልክቱ የሚቀመጠው ግን ሴሽን (ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጎብኚ የሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ውስጥ ነው፣ የሴሽኑ ዕድሜ ደግሞ ካልለወጡት 30 ደቂቃ ነው።

30 ደቂቃ! ጅማ ላይ! ሒሳብ ያዥዋ ገጹን ከፍታ ስሟን ልትጽፍ ስትል ጎን ካለው ክፍል ቡና ተጠራች። ቡናው ገና እየተቆላ ነው። ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ ይሰክናል። አቦሉ ተጠጣ፤ በቶናው የሰሞኑ ዋጋ ተነሣ፤ በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው ደግሞ እዚህ አገር በምን ዓይን እንደሚታይ ያውቃሉ። ተመልሳ ስሟንና ፓስዎርዷን አንድ ፊደል ሳትስት ጽፋ ላከች። ሴሽኑ ሞቷል፤ ምልክቱም አብሮት። እርስዎ ግን ይህን አይናገሩም፦ አንዳንዴ «403» (ክልክል ነው)፣ አንዳንዴ ምንም ሳይሉ ባዶውን ገጽ መልሰው መዘርጋት። ፓስዎርዷ የተሰረቀ መስሏት ለወጠችው፤ አዲሱን ደግሞ ረሳችው። «ገጹ ብዙ ስለቆየ እንደገና ይሞክሩ» የምትል ዓረፍተ ነገር ምን ያህል ታስወጣ ነበር? እኔ ጽፌያታለሁ፤ ሴሽኑንም እስከ በረካ የሚያደርስ ዕድሜ ሰጥቼዋለሁ።

አባትዎንም፣ የቀድሞውን የጃቫ መግቢያ፣ አውቃቸዋለሁ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰርቭሌት በሚባለው የጃቫ ድረ ገጽ ደንብ ፎርሙ «ጄ ሰኪዩሪቲ ቼክ» ወደሚባል አድራሻ ካልተላከ፣ ሳጥኖቹም «ጄ ዩዘርኔም» እና «ጄ ፓስዎርድ» ካልተባሉ አላውቃችሁም የሚሉ ሰው ናቸው። ቶምካት በሚባለው የጃቫ ሰርቨር ላይ አንድ ሰው የመግቢያውን ገጽ ራሱን በቀጥታ ከፍቶ ከመጣ፣ ሁሉን በትክክል ቢጽፍ እንኳ ያባርሩታል፤ ወዴት ልትሄድ ኖሯል ነው ነገሩ። ሐጂ ደግሞ ሁልጊዜ በቀጥታ ነው የሚመጡት። ከአባትዎ እርስዎ ይሻላሉ። ብቻ በ2022 እ.ኤ.አ. «ዌብ ሰኪዩሪቲ ኮንፊገረር አዳፕተር» የተባለውን፣ ጥበቃውን የምናዋቅርበትን ክላስ ጡረታ አውጥታችሁ በዚያው ዓመት መጨረሻ በ6ኛው እትም ስታስወግዱት፣ ለዩቲዩብ አስተማሪዎቻችን ማን ይንገራቸው? ዛሬም በእሱ ያስተምራሉ፣ ልጆቹም ዛሬም ቀይ መስመር ያያሉ።

የተነሡ ዕለት ደግሞ ክሊራንስ አልጨረሱም። ማታ ሒሳብ ያዥዋ ልትወጣ «ሎግአውት» ብላ አድራሻውን ከፈተች፤ 404፣ ገጹ የለም። የመውጫው ገጽም የእርስዎ ኖሯል! የራሴን መግቢያ ባስመዘገብኩ ቅጽበት ያንን ጠቅልለው ይዘውት ሄደዋል። ከእንግዲህ መውጣት የሚፈልግ በፖስት (ፎርም በመላክ)፣ ከነምልክቱ ማመልከት አለበት፤ ሊንክ መጫን አይበቃም። እሷም ታክቷት ስክሪኑን አጥፍታ ሄደች። ሐጂ ወዲያው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ያን ምሽት የገባውን ጀንፈል ሁሉ መዘገቡ፤ በእሷ ስም።

የመውጫውን ገጽ ራሴ ስለሠራሁ መመለስ አያስፈልግዎትም። የሥራ ልምድ ከፈለጉ ብቅ ይበሉ፤ «በቆዩበት ጊዜ ማንንም ሳያስገቡ በትጋት አገልግለዋል» ብዬ እጽፍልዎታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሒሳብ ክፍል፣ ርክክቡ እስኪስተካከል በትዕግሥት እንዲጠብቁን
ለሐጂ፣ እባክዎ ከሒሳብ ያዥዋ ስም ይውጡ