ከንፈራችን አይድረቅብን

ስለዚህ ህዝብ ስንት ነገር ይባላል፣ ቀጠሮ አያከብርም፣ ሰልፍ ይጥሳል፣ ሀሜት ይወዳል ምናምን፣ ይሁን እሺ፣ ግን ከንፈር መምጠጥ ላይ እስቲ ማን ይደርስብናል? አካል ጉዳተኛ በጎናችን ሲያልፍ አንገታችንን ዘንበል፣ ከንፈራችንን ምጽ፣ ከዛ "እኔን! አይ የሱ ስራ!" ብለን ወደ ጉዳያችን። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። በጀት የለው፣ ጨረታ የለው፣ ኦዲተር አይመጣበት። ምስኪን ፈረንጅ ይሄ ጸጋ ስላልተሰጠው እኮ ነው አውቶብሱን ፌርማታ ላይ ጎንበስ የሚያደርገው፣ ሊፍቱ ላይ አይነ ስውር በጣቱ የሚያነበውን ብሬል የሚለጥፈው፣ ከንፈሩ እንደኛ ቢታዘዝለት ኖሮ ያን ሁሉ ወጪ ምን አስወጣው።

እኔም ራሴ ጎበዝ መጣጭ ነኝ፣ አልዋሽም። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ቤተክርስቲያን ስሄድ በሩ ላይ ነው የሰለጠንኩት። ስለዚህ የማወራው እንደ ባለሙያ ነው።

ባለፈው አንድ ጓደኛዬን ባንክ አጅቤው ሄድኩ። የሂሳብ ሰራተኛ ነው፣ ሰኔ በመጣ ቁጥር የስንት ድርጅት ሂሳብ የሚዘጋ ሰው፣ ዊልቸር ይጠቀማል። የባንኩን ስም አልጠራም፣ ያማረ ቅርንጫፍ ነው፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት፣ በሩ ጋ አራት ደረጃ፣ ከደረጃው ጎን ደግሞ ራምፕ፣ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት! ራምፕ አለው እያልኳችሁ ነው! ገና ሳየው ደስ ብሎኝ "ይኸው ሀገር እየተለወጠ ነው" አልኩት። እሱ ግን የቁጥር ሰው ስለሆነ ደስታ ላይ ትንሽ ይቀረዋል። የታወቀው ልክ አንድ ለአስራ ሁለት ነው አለኝ፣ 1 ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር መንገድ ማለት ነው። ደረጃዎቹ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲሜትር ቢሆኑ አራቱ 60 ይሆናሉ፣ ስለዚህ ራምፑ ከ7 ሜትር በላይ መርዘም ነበረበት። ያቺ ራምፕ ሁለት ሜትር ከሞላች ብዙ ነው። የተነጠፈችው ደግሞ በሚያብረቀርቅ ሴራሚክ፣ እላይዋ ላይ ትልቅ የአበባ ማሰሮ፣ እታችዋ የጥበቃው ሞተር ሳይክል። "ይሄማ ሸርተቴ ነው" አለ ጓደኛዬ፣ "ክረምት ላይ ልጆቼን አምጥቼ አጫውታቸዋለሁ።"

ይኸውላችሁ፣ ምስጋና ቢስ። በ2001 የወጣው የህንጻ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 የህዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ህንጻ በዊልቸር ለሚሄድም፣ መራመድ ችሎ ደረጃ ለማይወጣም መግቢያ ይኑረው ብሏል። ይኑረው ነው ያለው፣ አለው! ይወጣበት እንደሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለሁሉ ነገር አዋጅ መጠበቅም ጥሩ አይደለም።

እና እሱ እውጪ ቀረ፣ እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ትሁት ናት፣ "ባለቤቱ ራሱ መምጣት አለበት" አለችኝ። በር ላይ ነው አልኳት። "ታዲያ ለምን አይገባም?" ደረጃ አለ እኮ። ምጽ አደረገች፣ በጣም ጥራት ያለው ምጽ ነበር፣ ከዛ "እሱ ይማረው፣ ግን ባለቤቱ ራሱ መምጣት አለበት" ብላ ደገመችልኝ። ስራ አስኪያጁ ጋ ሄድኩ፣ እሱም መጠጠ፣ ጥበቃውን ጠራ፣ ጥበቃውም መጠጠ። በዚህ መሀል ሃያ ደቂቃ አለፈ። ስወጣ ጓደኛዬ ጭኑ ላይ 85 ብር ተቀምጧል። አንዷ ሴትዮ 50 ብር ጥላበት "ወለላዬ ታሳቅፍህ" ብላው ሄደች፣ ሌላው አስር፣ ሌላው አምስት እያለ ሞላው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ! እኔ ውስጥ የሱን የራሱን ብር ለማስወጣት እየተከራከርኩ እሱ በር ላይ ሆኖ ከመስኮቶቹ በላይ ተቀማጭ ሰብስቧል። "እመልሳለሁ ብዬ እጄን ስዘረጋ ሌላ ሰው መጥቶ ሞላበት" አለኝ። ልብሱ ሱፍ ነው፣ ከረባት አድርጓል፣ ኮምፒውተር ያለበት ቦርሳ ዊልቸሩ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሏል። የኛ ልግስና እንዲህ አይነት ጥቃቅን ነገር አይቶ አያዳላም።

ከዛ ጎረምሶቹ መጡ። ስለ ጎረምሳ ለብቻው አንድ ቀን መጻፍ አለብኝ። ሌላው ዓለም ሊፍት አለው፣ የኛ ሊፍት ጎረምሳ ነው፣ መብራት ቢጠፋ አይቆም፣ መለዋወጫ በዶላር አይገዛለት፣ ዝም ብለህ መንገድ ላይ "ወንድሞቼ" ማለት ነው። አራት ሆነው ሳይጠይቁት ተረባረቡበት፣ አንዱ በቀበቶው፣ አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በጎማው፣ አራተኛው የእጅ መደገፊያውን ያዘ። ጓደኛዬ "ብሬኩን ልያዘው! መደገፊያውን እንዳትይዘው ተነቃይ ነው!" ይላል፣ እነሱ "አይዞህ አይዞህ" ይሉታል፣ ሶስተኛው ደረጃ ላይ መደገፊያው ተነቅሎ ልጁ እጅ ላይ ቀረ፣ ዊልቸሩ ወደ ጎን ዘመም፣ ህዝቡ በአንድ ድምጽ "በስመአብ!" ደግነቱ አልወደቀም። እላይ ሲደርስ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ ከረባቱ ጀርባው ላይ ነበር። አራቱ ልጆች ፊታቸው በርቶ ተጨባበጡ። አሁን አስቡት፣ ያቺ ራምፕ በልኩ 7 ሜትር ተሰርታ ቢሆን እነዚህ ልጆች የዛን ቀን ጽድቅ ከየት ያመጡ ነበር? ደረጃ ያለ ምክንያት አልተሰራም።

መስኮቱ ጋ ስንደርስ ልጅቱ ወደኔ ዞራ "መፈረም ይችላል?" አለችኝ። አጠገቤ ነው። እያያት ነው። ለራሱ ብትጠይቀው ይከፋዋል ብላ ተጨንቃለት እኮ ነው፣ እንደዚህ አይነት ጥንቃቄ ሌላ ሀገር አታገኙም። "የተጎዳው እግሬ ነው፣ ፊርማዬ ደህና ነው" አላት። ሳቀች፣ "አይ ጨዋታ ያውቃል" አለችኝ፣ አሁንም ለኔ።

ታክሲውን በአጭሩ ልለፈው። ሚኒባስ ላይ ዊልቸር ካለ ወንበሩ ባዶ ሆኖ "ሞልቷል" ይባላል፣ የቆመልህ ደግሞ "ጋሪው የአንድ ሰው ይከፍላል" ይልሃል፣ ዊልቸርን ከሰው እኩል መቁጠር እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን አካታችነት አለ።

የእግረኛ መንገዱ ግን በእውነት ሊመሰገን ይገባዋል፣ አዳዲሶቹ ላይ ያን ቢጫ ጎርበጥባጣ ንጣፍ አይታችሁታል አይደል? መስሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ አይነ ስውር ባልደረባ አለን፣ እሱ ነው የነገረኝ፣ ረዣዥሙ መስመር ያለው "ቀጥል" ማለት ነው፣ ክብ ክብ ነጥብ ያለው "ቁም፣ ከፊትህ አንድ ነገር አለ" ማለት ነው። በነጭ ዱላውና በጫማው ሶል ነው የሚያነበው። እኔ ለዲዛይን መስሎኝ ነበር፣ አንዱ ዘመዴ ደግሞ ለብስክሌት ነው ብሎኝ ነበር። ለማንኛውም አሁን ህዝቡ ተረክቦታል፣ አንዱ ሊስትሮ ሳጥኑን አስቀምጦበታል፣ ጀበና ቡናዋ ረከቦቷን ዘርግታበታለች፣ መኪና አንድ ጎማውን አውጥቶበታል። ባልደረባዬ መስመሩን ይዞ ሲሄድ ቀጥታ ረከቦቱ ላይ ደረሰ፣ ሲኒ ተሰበረ፣ ባለ ቡናዋም በሩህሩህነቷ "ምጽ፣ እንዲህ ሆኖ ለብቻው ይለቁታል? ሰው የለውም እንዴ?" ብላ አዘነችለት። የሲኒውን አላስከፈለችውም። እዚህ ላይ ነው የኛ ነገር የሚለየው፣ መንገዱን ወሰደችበት እንጂ ሲኒውን ምራዋለች።

ህግም ቢሆን ሞልቶናል፣ የአካል ጉዳተኞች የስራ ስምሪት አዋጅ 568 ከ2000 ጀምሮ አለ፣ የተባበሩት መንግስታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 አጽድቀናል። ስሙንማ ስንቴ አሳመርነው! ድሮ "አካለ ስንኩል" ይባል ነበር፣ ያሳፍራል፣ "አካል ጉዳተኛ" አልነው፣ አሁን ደግሞ "ልዩ ፍላጎት" የሚለውን የሚወዱ አሉ። ስሙ ሁለቴ ሲታደስ ደረጃው አንዴም አልታደሰም፣ አንድ ሰው ሁሉን አይችልማ።

የአካል ጉዳተኞች ቀናችን ደግሞ ኅዳር 24 ነው። የተባበሩት መንግስታት በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጀው ቀን ነው፣ እኛ ግን የራሳችንን ቅመም ጨምረንበታል። አንዴ ጓደኛዬ ተሸላሚ ሆኖ ተጠርቶ አብሬው ሄድኩ፣ አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ "ለጊዜው አይሰራም" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፣ ወረቀቱ ራሱ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል። ጎረምሳ ተጠራ። ላይ ስንደርስ "አካል ጉዳተኝነት አለመቻል አይደለም" የሚል ባነር ተሰቅሏል፣ ከስሩ መድረክ፣ መድረኩ ደረጃ አለው። ስለዚህ ያልተሸለመው ሁሉ መድረክ ላይ ተቀምጦ ተሸላሚው ከታች ሆኖ ሽልማቱን አንጋጦ ተቀበለ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋን ካሜራ እንዳትከልል ብለው ዓምድ ጀርባ አቆሟት፣ እጇ ብቻ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። በመጨረሻ አምስት ዊልቸር ታደለ። ሁሉም አንድ ልክ ነው፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሚገፋው አይነት፣ የአስር ዓመቷም ልጅ፣ ወፍራሙም ሰውዬ ያንኑ። ጓደኛዬ በጆሮዬ "የዚች ልጅ እናት የሽንት ቤቷን በር ስፋት የሚለካላት ሰው አገኘች?" አለኝ። ዝም በል ፎቶ ላይ ነን አልኩት። ፎቶው ግን እንዴት አምሮ ወጣ መሰላችሁ፣ ሺ ምናምን ላይክ፣ ኮመንቱ በሙሉ የሚያለቅስ ኢሞጂ።

ኩራታችንም ብዙ ነው። አይነ ስውሯ የህግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ስታገኝ ሼር ያላደረገ አልነበረም፣ "አይን ያለን ምን ሰራን" ብለን ራሳችንን ወቀስን፣ ወቅሰን ስናበቃ ቤት ሊከራይ የመጣብንን አይነ ስውር ተማሪ "እሳት ቢያስነሳብንስ" ብለን መለስነው። አበበ ቢቂላንም እንወደዋለን፣ በባዶ እግሩ ሮም ላይ የሮጠውን። በ1969 እ.ኤ.አ. ከመኪና አደጋው በኋላ በዊልቸር ሆኖ በዓመቱ እንግሊዝ ሀገር ስቶክ ማንድቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ቀስት የወረወረውን አበበ ግን ብዙም አናነሳም። ሀውልት ለሯጩ ነው የሚያምረው። እኔ እንደሆነ አንዳንዴ ሳስበው፣ አቤ ዛሬ ቢኖርና የዛን ባንክ ደረጃ ቢመጣበት መጀመሪያ የሚያገኘው ምጽ ነው፣ ቀጥሎ ጎረምሳ።

ያን ቀን ከባንኩ ስንወርድ፣ ማለት ሲያወርዱት፣ ጓደኛዬ ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ፌስታል አወጣና 85 ብሯን ከተተ። ፌስታሉ ወፍሯል። ምንድነው ስለው ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሳይጠይቀው የሰጠው ብር ነው፣ በቀንና በቦታ መዝግቦ ይዞታል፣ የሂሳብ ሰው አይደል። ከሆስፒታል በር፣ ከሰርግ ቤት፣ አንዴ ደግሞ ከራሱ መስሪያ ቤት በር ላይ።

"ምን ልታደርግበት ነው?"

"ራምፕ ላሰራበት ነው። ለባንኩ። ሰባት ሜትር ከሃያ።" ቀና ብሎ ደረጃውን አየው። "አንድ ኩንታል ሲሚንቶ አሁን ስንት ገባ?"

ነገርኩት።

ከንፈሩን መጠጠ።