ሰባት ሰዎች በአምስት ሰው መድረክ

የአሜሪካዊው የድምፃውያን ቡድን የ«ቴምፕቴሽንስ» ታሪክ በተነሳ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ከመሥራቾቹ አንዱ በሆነው በኦቲስ ዊሊያምስ ላይ ነው፤ መሪ ድምፃዊውን ዴቪድ ረፊንን አባሮ፣ ሌላውን ድምፃዊ ኤዲ ኬንድሪክስን አስኮርፎ፣ የቡድኑን ስም ለራሱ አስቀረ ይባላል። ይህ ወቀሳ ሚዛን የሚደፋ አይመስለኝም። ዊሊያምስ የያዘው «ከቡድኑ በላይ የሆነ ሰው የለም» የሚል አቋም ቡድኑን ከስልሳ ዓመት በላይ አቆይቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሞከረውን ዳግም መሰባሰብ ያከሸፈውም ግን ይኸው አቋም ነው።

ቡድኑ በ1961 ዲትሮይት ከሚገኘው የሞታውን ሙዚቃ አሳታሚ ጋር ሲፈራረም ከሁለት የወጣት ቡድኖች የተውጣጣ ነበር፤ ለሦስት ዓመት ያህልም ይህ ነው የሚባል ሥራ አልነበረውም። ረፊን የተቀላቀለው በ1964 መባቻ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ «ማይ ገርል» ወጣ። ዘፈኑን የጄምስ ጄመርሰን ቤዝ ጊታር ብቻውን ይከፍተዋል፤ የሮበርት ኋይት ጊታር ከታች ወደ ላይ እየወጣ ይከተለዋል፤ ሻካራው የረፊን ድምፅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በመጋቢት 1965 በአሜሪካ የአንደኝነትን ደረጃ የያዘው ይህ ሥራ፣ እስከዚያ ድረስ በኬንድሪክስ ቀጭን ድምፅና በሌላው አባል በፖል ዊሊያምስ ይመራ የነበረውን ቡድን በሕዝብ ዘንድ የረፊን ቡድን አደረገው።

ረፊን ከጓደኞቹ ተለይቶ በራሱ ሊሞዚን መጓዝ፣ ዝግጅት መቅረት፣ በመጨረሻም ስሜ ከቡድኑ ስም ይቅደም ማለት ጀመረ። ጥያቄው እንዲያው ከትዕቢት ብቻ የመነጨ አልነበረም፤ ሞታውን ራሱ ከአንድ ዓመት በፊት የድምፃዊቷን የዳያና ሮስን ስም ከሴቶቹ ቡድኗ ከ«ሱፕሪምስ» ስም አስቀድሞ ነበር። የቀሩት አራት አባላት ግን በሰኔ 1968 አሰናብተውት ድምፃዊ ዴኒስ ኤድዋርድስን ተኩ። ረፊን ከዚያም በኋላ ዝግጅታቸው ላይ እየመጣ፣ መድረክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ማይክሮፎን ይቀማ ነበር፤ ታዳሚውም በጭብጨባ ይቀበለው ነበር።

ቡድኑ ግን ያለ እሱም ሆነለት። በፕሮዲዩሰር ኖርማን ዊትፊልድ መሪነት የሠሩት «ክላውድ ናይን» በ1969 ለሞታውን የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት አስገኘ። ኬንድሪክስና ፖል ዊሊያምስ በ1971 ከወጡ በኋላ እንኳ «ፓፓ ወዝ ኤ ሮሊንግ ስቶን» አንደኛ ወጥቶ ሦስት ግራሚ ወሰደ። ዝናው የቀዘቀዘው በሰባዎቹ አጋማሽ ነው፤ ወደ አትላንቲክ ኩባንያ ተዛውረው ያሳተሟቸው አልበሞች ገበያ አላገኙምና በ1980 ወደ ሞታውን ተመለሱ።

በ1982 ረፊንና ኬንድሪክስ ተጠርተው፣ የሞታውኑ ሙዚቀኛ ሪክ ጄምስ «ስታንዲንግ ኦን ዘ ቶፕ» የተባለውን ዘፈን ሠራላቸው፤ ሰባት ሆነውም ለጉዞ ወጡ። ረፊን በአደንዛዥ ዕፅ ሳቢያ ዝግጅት መቅረቱን ቀጠለ፣ የኬንድሪክስም ድምፅ ደክሞ ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ተበተኑ። ብዙዎች ምክንያቱን እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን ሁለቱ ጤነኛ ሆነው ቢመጡም ኖሮ የሚዘልቅ ነገር አይታየኝም። አሥር ዓመት ሙሉ ማንንም በሌላ መተካት እንደሚቻል ሲያረጋግጥ የኖረ ቡድን፣ ለተመለሱት የሚሰጠው ቦታ የእንግዳ ቦታ ብቻ ነው። የመድረክ ውዝዋዜው የተቀናበረው ለአምስት ሰው ነበር፤ መሪ ድምፃዊም ቢሆን ኤድዋርድስ እዚያው ቆሟል። አሳታሚው የፈለገው አሮጌውን ዝና መሸጥ እንጂ ያንን የ1968 ጥያቄ መፍታት አልነበረም።

የተሻለው መሰባሰብ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ረፊን፣ ኬንድሪክስና ኤድዋርድስ በየራሳቸው ስም ሦስት ሆነው መዞር ጀመሩ፤ እዚያ ማንም የማንንም ቦታ አልያዘም፣ የሚያጣላ የቡድን ስምም አልነበረም። ረፊን በ1991፣ ኬንድሪክስ በ1992 በመሞታቸው ሙከራው በአጭሩ ተቀጨ፤ በ1982 መደረግ የነበረበት ግን ይህ ነበር።