ቦይ ውስጥ የቢራ ጠርሙስ ለምን የለም?

ክረምት በገባ ቁጥር የሰፈራችን ቦይ ይደፈናል። ዝናቡ ገና ከመጀመሩ ውሃው ወደ መንገዱ ይወጣል። ከዚያ በር ለበር እየዞረ ቤት ይገባል። የደፈነውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ባዶ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የብስኩትና የቺፕስ ላስቲክ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። እዚያ ክምር ውስጥ የቢራ ጠርሙስ አታገኙም። አዲስ አበባ ቢራ መጠጣት አቁማ አይደለም። ጠርሙሱ መያዣ ስላለው ነው። ባዶ ጠርሙስ ሳትይዝ ሱቅ ከሄድክ ባለሱቁ መያዣ ያስከፍልሃል፣ ስትመልስ ብርህን ትቀበላለህ። ሳጥኑ ይሞላል፣ መኪናው ይጭነዋል፣ ፋብሪካው አጥቦ እንደገና ይሞላበታል። ለዚህ ማንም ሥልጠና አልሰጠንም። ስብሰባም አልተጠራም። ጠርሙሱ ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ ማንም አይጥለውም።

የፕላስቲኩን ነገር ስታነሳ ግን ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው የምትሰማው፦ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም።» በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ያው ኅብረተሰብ የቢራ ጠርሙሱን ስንት ዓመት ሙሉ ሲመልስ ኖሯል እኮ! ግንዛቤውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ለፕላስቲኩ የነፈገ ይመስል።

እሺ፣ እንለይ አልን። እኛ ቤት ፕላስቲኩ ለብቻው ይቀመጣል፣ የወጥ ትራፊው ለብቻው። የጽዳት ማኅበሩ ልጆች ሲመጡ ሁሉም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። ልጆቹን አልወቅስም። የተለየውን ለብቻ የሚጭን መኪና አልተሰጣቸውም። የምንከፍለው የጽዳት ክፍያ ከውሃ ቢል ጋር ተደምሮ ይመጣል፣ እንከፍላለን። የለየነው ግን መልሶ ይደባለቃል። ወጥ የነካውና ዘይት የጠጣው ፕላስቲክ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል፣ ወይ ጭራሽ ገዢ ያጣል።

እስካሁን ይህችን ከተማ ያተረፋት ቁራሌው ነው። ልዋጭ ናት። ሌሊት ተነስቶ ገንዳ የሚፈትሸው ልጅ ነው። የባዶ ሃይላንድን ክብደት አስቡት። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 በላይ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ መልቀም አለበት። ያን ተሸክሞ ሄዶ የሚያገኘውን ዋጋ የሚወስነው እሱ አይደለም፣ ደላላውና ባለመጋዘኑ ናቸው። የእነሱም ዋጋ ከዓለም ነዳጅ ገበያ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ፕላስቲክ የሚሠራው ከነዳጅ ነዋ። ነዳጅ ሲረክስ አዲሱ ፕላስቲክ ይረክሳል፣ ያገለገለውን የሚፈልግ ይጠፋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የነዳጅን ዋጋ ሲጥለው በየአገሩ ያሉ መልሶ መጠቀሚያ ድርጅቶች የተጎዱት በዚህ ምክንያት ነው። ገንዳ የሚፈትሸው ልጅ ስለ ነዳጅ ገበያ ሰምቶ አያውቅም፣ ኪሳራው ግን እሱ ጋ ይደርሳል።

አደጋውም እሱ ጋ ነው የሚደርሰው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ፣ ከዚያው እየለቀሙ የሚያድሩም ነበሩ። ይህን እንዴት እንረሳለን?

ከገንዘቡ አንጻር እንየው ካልንም ነገሩ ያው ነው። የጠርሙሱ ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚገባው በዶላር ነው። በዶላር የገዛነውን ዕቃ አንድ ጊዜ ጠጥተንበት ቦይ ውስጥ እንጥላለን። ከዚያ ቦዩን ለማስጠረግ እንደገና እንከፍላለን። ጎርፉ ፍራሻችንን ሲያበሰብስ ሦስተኛ ጊዜ ከፈልን ማለት ነው። ከቦዩ ያመለጠው በአቃቂ ወንዝ ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል። በዚያው ወንዝ ውሃ ሰላጣና ቆስጣ ይለማል፣ እኛው ገዝተን እንበላዋለን። ከብቱ ደግሞ ፌስታሉን ይውጣል፣ ሲታረድ ከሆዱ ይወጣል። ያልተለቀመውን ማታ ማታ በየአጥሩ ሥር የሚያቃጥሉ አሉ፣ ጭሱን ሕፃናት ይስቡታል።

ሕግ የለም እንዳልል አለ። ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ፌስታሉ ግን ከየሱቁ ጠፍቶ አያውቅም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አዋጅ መጣ፣ ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል ተባለ። ፌስታል መከልከሉን እደግፋለሁ። ነገር ግን ቲማቲም ሸጣ የምታድር እናት የምትፈራውን ያህል የፕላስቲክ ጠርሙስ በገፍ የሚያወጣ ፋብሪካ የሚፈራው ነገር ምንድን ነው? መኪናው ከግቢ ሲወጣ የእሱ ጣጣ ያበቃል። ትርፉ የእሱ፣ ቆሻሻው የእኛ።

«የታሸገ ውሃ አትጠጡ» የሚለኝ ሰው ካለ መጀመሪያ ቧንቧው ይምጣ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሃይላንድ ቅንጦት አይደለም።

የምለው ቀላል ነገር ነው። ለፕላስቲኩም መያዣ ይደረግለት። ጀርመን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ታደርጋለች። በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ 25 ሳንቲም ዩሮ መያዣ ይከፈላል፣ ሲመለስ ይመለሳል። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ጠርሙስ ተመልሶ ይመጣል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቋቸው፣ ባዶ ጠርሙስ በከረጢት ተሸክመው ነው ገበያ የሚሄዱት።

«ውሃ ይወደዳል» ትሉኝ ይሆናል። አይወደድም፣ መያዣ እኮ ተመላሽ ነው። ሳይመልስ የጣለው ሰው ብቻ ነው የሚከስረው፣ እሱ የጣለውንም የሚያነሳው ልጅ ብሩን ያገኛል። በኪሎ ሳይሆን በፍሬ። ደላላ ሳይጫነው። «ሱቆች ቦታ የላቸውም» የሚልም አለ። የቢራ ሳጥን በየሱቁ በር ላይ ተደርድሮ የለም እንዴ? ሃይላንድ ደግሞ ይጨመቃል፣ መቶው አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። የውሃ ማከፋፈያው መኪና ሙሉውን አራግፎ ባዶውን ነው የሚመለሰው። ያን ማዳበሪያ ጭኖ ይመለስ፣ ወጪውንም ፋብሪካው ይቻል።