ሰዓቱን በማርች ማስቀደም፦ ጠዋቱ ለምሽቱ ይሰጥ?

አሜሪካ ውስጥ ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀየራል። እስከ 2006 ድረስ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት የሚሄደው በኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ ነበር። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በ2005 የፈረሙት የኢነርጂ ሕግ ግን ከ2007 ጀምሮ ይህን ቀን ወደ ማርች ሁለተኛ እሑድ አመጣው፤ ማብቂያውንም ከኦክቶበር መጨረሻ ወደ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ገፋው። የለውጡ ቀን ቀድሞ መምጣቱ ጠቀመን ወይስ ጎዳን? ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ናቸው፤ አንዷ በሜሪላንድ አረጋውያንን የምትንከባከብ እናት፣ ሌላው በቨርጂኒያ ቀን መኪና ማቆሚያ እየሠራ ምሽት ልጆችን ኳስ የሚያሠለጥን አባት። ሰዓቱ ሁሉ የተጻፈው በሀገራችን አቆጣጠር ነው፤ ወራቱና ዓመቶቹ ግን የፈረንጅ ናቸው።

እናቲቱ

ትልቋ ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡሷ ሠፈራችን የሚደርሰው ንጋት 12 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። ሰዓት ከመቀየሩ በፊት ባለው ዓርብ ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች። ልጄ ፌርማታው ላይ ስትቆም የጓደኞቿን ፊት ታያለች፤ አሽከርካሪዎችም እርሷን ያያሉ። ሰኞ ያው አውቶቡስ በዚያው ሰዓት ሲመጣ ግን ፀሐይ ለመውጣት ገና ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቀራታል። በሦስት ቀን ውስጥ ልጄ ከብርሃን ወደ ጨለማ ተመለሰች።

ሥራዬ ከአረጋውያን ጋር ነው። ከምንከባከባቸው ብዙዎቹ የመርሳት ሕመም አለባቸው። እነርሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አያነቡም፤ የሚነቁት በመስኮቱ ብርሃን ነው። ቁርስ ቀረበ ሲባሉ ገና ሌሊት ነው ብለው ይቆጣሉ፣ መድኃኒት አንወስድም ይላሉ። ማታ ደግሞ ፀሐይ እያዩ እንዴት እንተኛ ይላሉ። ልክ ናቸው። የተሳሳተው ሰዓቱ ነው። የሌሊት ተረኞቹን ብትጠይቁ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግሯችኋል። በዚያች ሌሊት 8 ሰዓት ሲሞላ ሰዓቱ ወደ 9 ይዘላል፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል የሚባል ሰዓት የለም። ለ8 ተኩል የታዘዘ መድኃኒት ያለበት ሕመምተኛ ግን አለ።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። በስዊድን ተመራማሪዎች የልብ ድካም መዝገቦችን መርምረው በ2008 እንዳሳተሙት፣ ሰዓት ወደፊት ከሄደ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት የልብ ድካም ወደ 5 በመቶ ይጨምራል። እዚህ አሜሪካ በ2020 የወጣ ጥናት ደግሞ በዚያው ሳምንት ሰው የሚሞትባቸው የመኪና አደጋዎች 6 በመቶ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ዓመቱን ሙሉ በመደበኛው፣ ወደፊት ባልተገፋው ሰዓት እንድንኖር የሚመክረው ሰውነታችን ሰዓቱን የሚያስተካክለው በጠዋት ብርሃን ስለሆነ ነው።

አዲሱ ሕግ የጀመረበትን ቀን አልረሳውም። ማርች 11 ቀን 2007 በእኛ ደብረ ዘይት ነበር፣ የዐቢይ ጾም እኩሌታ። ቤተ ክርስቲያን የገባሁት ወንጌል ተነብቦ ካበቃ በኋላ ነው፤ ከኋላዬም ገና ይመጡ ነበር። «ነቅታችሁ ጠብቁ» የሚባልበት እሑድ ግማሻችን አርፍደን ደጅ ላይ ቆምን። ያን ቀን ያለቀስኩት ለምን እንደሆነ እስካሁን ለማስረዳት ይቸግረኛል። የማውቀው ከዓመቱ ሁሉ የማልፈልገውን ዕለት መርጠው እንደወሰዱብኝ ነው።

አሠልጣኙ

እኅቴ፣ ስለ ፌርማታው የጻፉት እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ቀኑ ሁለት ጫፍ አለው፤ እርስዎ ያሳዩን አንዱን ብቻ ነው።

በማርች አጋማሽ በአሮጌው ሰዓት ቢሆን ፀሐይ የምትጠልቀው ምሽት 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ነው። የሠፈራችን ወላጆች ከሥራ የሚወጡት 11 ሰዓት ላይ ነው፤ መንገዱ ተጨናንቆ ልጅ ይዘው ሜዳ የሚደርሱት 12 ሰዓት ነው። ጫማ አስረን ሳንጨርስ ይጨልማል። እኛ የምንጫወትበት ሜዳ መብራት የለውም፤ መብራት ያለው ሜዳ ይከራያል፣ የምናሠለጥናቸው ልጆች ወላጆች ደግሞ ኪራዩን አይችሉም። ሰዓቱ ሲቀየር ፀሐይ እስከ 1 ሰዓት ከ10 ትቆያለች። ሙሉ አንድ ሰዓት! ከኖቬምበር ጀምሮ አፓርታማ ውስጥ ተዘግተው ስልክ ሲነካኩ የከረሙ ልጆች በዚያች ሰኞ ሜዳው ላይ ሲለቀቁ ያየ ሰው ስለዚህ ሕግ ክፉ ለመናገር ይቸገራል። የሰዓት ለውጡ በኤፕሪል በነበረበት ጊዜ ይህን ለማየት ሦስት ሳምንት፣ በአንዳንዱ ዓመት አራት ሳምንት እንጠብቅ ነበር።

ስለ አረጋውያን አንስተዋል። እኔም ላንሣ። የልጅ ልጅ ሊጠብቁ ከሀገር ቤት የመጡ እናቶቻችን አሉ። እንግሊዝኛ አይናገሩም፣ መኪና አይነዱም። ክረምቱን በሙሉ አሥረኛ ፎቅ ላይ በመስኮት ይመለከታሉ። ልጆቻቸው ከሥራ ሲመለሱ ጨልሟል፤ በጨለማና በብርድ ደግሞ ወዴት ይወሰዳሉ? የእኔ እናት ሁለት ክረምት እንዲህ አሳልፋለች። ሰዓቱ ከተቀየረ በኋላ ግን ከሥራ መልስ ነጠላዋን አጣፍታ በእጄ ተደግፋ ወንዙ ዳር ታዘግማለች። ጉልበቷ የታመመው ከመቀመጥ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮን ነበር። እነዚያን ሳምንታት የሰጠኝን ሕግ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ከዚያ በተረፈ የእንቅልፍ መዛባቱ ዋጋ የሚከፈለው በማርችም ሆነ በኤፕሪል አንድ ጊዜ ነው። የጠቀሷቸው ጥናቶች የሚናገሩት ስለ ለውጡ ሳምንት ነው፤ ለውጡ በኤፕሪል ቢሆንም ያ ሳምንት አይቀርም። ሰው ደግሞ ይለምዳል። በ1966ቱ ሕግ ሰዓቱ የሚቀየረው በኤፕሪል መጨረሻ እሑድ ነበር፤ ከ1987 ጀምሮ ወደ ኤፕሪል መጀመሪያ መጣ፤ በ2007 ወደ ማርች። መንግሥት ኃይል ይቆጥባል ያለውም በከንቱ አይደለም፤ የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ በ2008 ባወጣው ሪፖርት በተጨመሩት አራት ሳምንታት 1.3 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ መቆጠቡን ገልጿል።

እናቲቱ

ወንድሜ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ያቆይልዎ። ያንን ክፍል ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ቁጥሩን ግን ሙሉውን ይጻፉት። ያ 1.3 ቢሊዮን አሜሪካ በዓመት ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ 0.03 በመቶ ነው፤ ይህንንም የሚለው ያው ሪፖርት ነው። ኢንዲያና ደግሞ በ2006 የሰዓት ለውጡን በግዛቷ በሙሉ ስትጀምር ተመራማሪዎች የመኖሪያ ቤቶችን ፍጆታ አነጻጽረው የኤሌክትሪክ ፍላጎቱ ወደ 1 በመቶ መጨመሩን አገኙ። መብራት ያተረፈውን ማቀዝቀዣና ማሞቂያ በሉት። የእኔ ቤትም እንዲሁ ነው፤ በማርች ጨለማ ስንነሳ መጀመሪያ የምናበራው ማሞቂያውን ነው።

«ዋጋው በማርችም ሆነ በኤፕሪል አንድ ነው» ያሉት ላይ ግን ከእርስዎ ጋር በፍጹም አልስማማም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። በአሮጌው ሕግ ሰዓቱ በኤፕሪል መጀመሪያ ሲቀየር በማግስቱ ሰኞ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ነበር። የልጄን አውቶቡስ ሰዓት ያስታውሱ፤ ፀሐይና አውቶቡሱ እኩል ይደርሱ ነበር። በአዲሱ ሕግ ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ከ25 ነው። የተሰረቀው እንቅልፍ በሁለቱም ሕግ አንድ ሰዓት ነው፤ ነገር ግን በኤፕሪል እንቅልፉን ያጣ ሰው ጠዋት ብርሃን አግኝቶ ሰውነቱ ይስተካከላል። በማርች ይህንንም ይነጠቃል። ሦስት ሳምንት ሙሉ።

ይህች ሀገር ጨለማ ጠዋትን ሞክራ አይታዋለች። በነዳጁ ቀውስ ጊዜ ጃንዋሪ 6 ቀን 1974 ክረምቱን ጨምሮ ሰዓቱ ወደፊት ተደረገ። ሕዝቡ መጀመሪያ ደግፎት ነበር። ከዚያ ፍሎሪዳ ውስጥ በጨለማ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች በመኪና ተገጭተው ሞቱ፤ ወላጆች ጮኹ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ምክር ቤቱ ሕጉን አሻሽሎ ክረምቱን ወደ መደበኛው ሰዓት መለሰው። ሰው ሁሉን ይለምዳል ይሉኛል፤ እነዚያ ወላጆች ግን አልለመዱም።

ደግሞ ሌላ አለ። አውሮፓ ሰዓቱን የሚቀይረው በማርች መጨረሻ እሑድ ነው፤ ኢትዮጵያ ጭራሽ አትቀይርም። እኅቴ ለንደን ናት፣ እናታችን አዲስ አበባ። ሦስታችንም በአንድ መስመር የምንገናኝበት ሰዓት በማርች ሁለት ጊዜ ይፈርሳል፤ መጀመሪያ እኛ ስንቀይር፣ ኋላ እነርሱ ሲቀይሩ። ስልኩ ራሱ ያስተካክላል እንዳይሉኝ። ስልኩ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ የእናቴን ቀን አያስተካክልም። በ2007 እኮ ስልኩም ኮምፒውተሩም አላስተካከለም፤ በአሮጌው ሕግ የተሠሩ ነበሩ። ራስጌዬ ያለው ማንቂያ ሰዓት ራሱን የሚቀይር ዓይነት ነበር። በማርች በእጄ አስተካከልኩት፤ በኤፕሪል መጀመሪያ እሑድ ሌሊት እርሱ በራሱ ደግሞ አንድ ሰዓት ጨመረ። ሆሣዕና ነበር። እንደዚያን ቀን ቀድሜ ቤተ ክርስቲያን የደረስኩበት ጊዜ የለም።

አሠልጣኙ

የኃይል ቁጠባውን ክርክር ትቼዋለሁ፤ አሸንፈውኛል። 0.03 በመቶ ለማንም ልጅ ጨለማ ውስጥ መቆም ምክንያት አይሆንም።

የ1974ቱን ግን በእኔ ላይ አያምጡ። በማርች 2022 የአሜሪካ ሴኔት ሰዓቱ ዓመቱን ሙሉ ወደፊት እንደሄደ እንዲቆይ የሚለውን ረቂቅ ሲያሳልፍ ብዙ ጓደኞቼ ተደስተዋል፤ የተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ስላልሰጠበት ቀረ። እኔ አልተደሰትኩም። ቢጸድቅ ኖሮ በጃንዋሪ ዋሽንግተን ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ27 ላይ ነበር። ይህን የሚመኝ ሰው ልጅ ወደ አውቶቡስ ሸኝቶ አያውቅም። እኔ የምሟገተው ለእነዚህ የማርች ሳምንታት ብቻ ነው።

እንግዲህ እኅቴ፣ ፀሐይና ሰዓት ላይ ስንታገል አንድ ሦስተኛ ነገር ረሳን፤ የትምህርት ቤቱን ደወል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በ12 ሰዓት ከ50 መንገድ ላይ ምን ትሠራለች? ማን ነው ይህን የወሰነው? ካሊፎርኒያ በ2019 ባወጣችው ሕግ ከ2022 ጀምሮ አብዛኞቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ትምህርት እንዳይጀምሩ ከልክላለች። ሜሪላንድም ይህን ብታደርግ ልጅዎ ለአውቶቡስ የምትወጣው በብርሃን ነው፤ በማርች ብቻም ሳይሆን በዲሴምበርም ጭምር፤ በዲሴምበር እኮ አሮጌውም ሕግ አያድናትም። እናቴም የምሽት መንገዷን አታጣም። የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ስም አስመዝግቦ መናገር ይቻላል። እኛ ግን ከሥራ ደክመን እንመጣና ሌላው ወላጅ ይናገራል ብለን እንተወዋለን። እኔም ትቼዋለሁ፤ ይህን ስጽፍ ነው የገባኝ።

እናቲቱ

ስለ ደወሉ ልክ ነዎት፤ እናገራለሁ። ሆኖም እንዲህ ያለው ሕግ ወጥቶ ሥራ ላይ እስኪውል ካሊፎርኒያ ውስጥ ሦስት ዓመት ፈጅቷል፤ የእኔ ልጅ በሦስት ዓመት ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። ለውጡን ወደ ኤፕሪል መመለስ ግን አንድ መስመር ማስተካከል ነው። አሁንም የምጠይቀው እርሱን ነው።

እስከዚያው ቤቴን እንዲህ አዘጋጃለሁ፦ ከረቡዕ ጀምሮ ልጆቹን በየቀኑ ሩብ ሰዓት ቀድሜ አስተኛቸዋለሁ፣ በልጄ ቦርሳ ላይ የሚያንጸባርቅ ጨርቅ ሰፍቻለሁ። የቀረኝ የእናቴ ስልክ ነው። ክረምቱን ልጄን ሸኝቼ ወደ ሥራ ስሄድ በ1 ሰዓት እደውልላታለሁ፤ እዚያ 9 ሰዓት ነው፣ ከቅዳሴ ወጥታ ጾሟን የምትፈታበት። ከሰኞ ጀምሮ የእኔ 1 ሰዓት የእርሷ 8 ሰዓት ይሆናል፤ ገና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናት። በ2 ሰዓት እንዳልደውል ሥራ ላይ ነኝ፣ ስልክ አይፈቀድም። በምሳ ዕረፍቴ እደውላለሁ፣ እዚያ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን። ታነሳለች፣ ትመርቀኛለች። ግን እህል ከመቅመሷ በፊት ድምፄን መስማት ለምዳ ነበር።