ይድረስ ለሻንጣዬ የግራ የኋላ ጎማ

ለ፦ የሻንጣዬ የግራ የኋላ ጎማ
ባለሽበት (ሰማያዊው ካልሲ ውስጥ)

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ

ክብርት ጎማ ሆይ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከቀኝ ትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ።

የተዋወቅነው መርካቶ ነው። ሻጩ «እህቴ፣ በአንድ ጣት ነው የምትገፊያት» አለኝ። ገፍቶም አሳየኝ። አንቺና ሦስቱ እህቶችሽ በሱቁ ሴራሚክ ላይ ሽር ስትሉ ልቤ ጠፋ። መጠርጠር ነበረብኝ። የሱቁ ወለል ከዳር እስከ ዳር ሦስት እርምጃ ነው። ሦስት እርምጃማ ማን ያቅተዋል?

ቦሌም ላይ አላሳፈርሽኝም። ናፖሊ ስንደርስ አልጋ ስር ገባሽ። የልውውጥ ትምህርቴ እስኪያልቅ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተኛሽ። እኔ ስማር አንቺ ስታርፊ፣ ጸባይሽን ሳላውቅ ቀረሁ።

ሴሚስተሩ አለቀ። ክፍሌን አስረከብኩ። በረራዬ ከሚላኖ ነው፤ በመሃል አንድ ሳምንት አለኝ። ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ቦሎኛ፣ ቬኒስ እያልኩ በባቡር ልውጣ አልኩ። ንብረቴ ሁሉ አንቺ ላይ ነው። የተረፈ በርበሬ፣ መጻሕፍት፣ ለእማዬ የጣሊያን ቡና ማፍያ (ስንት ጀበና ላላት ሴት!)፣ ለአክስቴ ልጅ 43 ቁጥር ጫማ። ጣቢያዎቹ ዕቃ ማስቀመጫ አላቸው፤ ግን በሰዓት ያስከፍላሉ። «አራት ጎማ እያለኝ ምን በወጣኝ?» አልኩ። ማለቴን አልክድም።

ሮም ቴርሚኒ ጣቢያ ወረድን። ከፊቱ ያለው አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሉሽ? በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የጨረሷቸው የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ፤ አገሩ የነሱ ነው።) ትንሽ ራቅ ብሎ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ሐውልቱ ራሱ ከግብፅ የመጣ ነው። የሰው ሐውልት ማምጣት ልማዳቸው ነው።

እዚያ ፊት ቀና ብዬ ቆሜ ፎቶ ልነሳ ነበር ሐሳቤ። አንቺ ግን ያችን ሰዓት መረጥሽ። ሁለት ድንጋይ መሃል ገብተሽ ቅርቅር አልሽ። ሻንጣው ቆመ፣ እኔ ሄድኩ፣ ክንዴ መሃል ላይ ቀረ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አንቺን ለመንቀል ትግል ገጠምኩ። አስቢው እስቲ። የዶጋሊ ሐውልት ፊት ያጎነበሰች አበሻ! አላፊ አግዳሚው ይቅርታ የምጠይቅ ሳይመስለው አይቀርም። አሉላ ቢያዩኝ ምን ይሉኝ ነበር?

ማታ ነገሩን አጣራሁ። የሮም ጥርብ ድንጋይ «ሳምፒየትሪኒ» ይባላል። ጥቁር ባዝልት ነው። በድንጋዮቹ መሃል ያለው ክፍተት ደግሞ በአንቺ ውፍረት ተለክቶ የተሠራ ይመስላል። እኔ እኮ «ኮብልስቶን ብርቋ አይደለም» ብዬ ነበር፤ የሰፈራችን መንገድ እሱ አይደል? ለካ ከቤት ስንወጣ ታናሽ ወንድሜ ሻንጣውን እስከ ታክሲው ድረስ በትከሻው ነበር የወሰደው።

ይኼን ባለ ረጅም እጀታ ተጎታች ሻንጣ በ1987 ያመጣው ሮበርት ፕላት የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ ነው። ልክ ዶጋሊ መቶ ዓመት በሞላው ዓመት። ሴራ ነው አልልም። ግን አብራሪ ሻንጣውን የት ላይ ነው የሚጎትተው? ኤርፖርት ወለል ላይ! ሮምን አስቦ አልሠራሽም። እዚህ ላይ ትንሽ አዝንልሻለሁ።

በማግስቱ ግን ሐዘኔ ጠፋ። ፖርታ ካፔና ሄድን፤ የአክሱም ሐውልት ተወስዶ የቆመበት ቦታ። አሁን ሐውልቱ የለም፤ እንዲህ ጎድሎበት ደስ የሚል ቦታ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። 24 ሜትር ቁመት፣ ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ድንጋይ በ1937 ከአክሱም እዚህ ድረስ ተጓጓዘ። በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በሦስት በረራ አገሩ ገባ። አንቺ 23 ኪሎ አቃተሽ።

ከሮም ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እኛ የተሳፈርነው አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን ነው። ምክንያቱን ኪሴን ጠይቂ። ኦርቪየቶ ከተማ አምባዋ ላይ ጉብ ብላ በመስኮት ብቅ ስትል ግሸን ትዝ አለችኝ። ፎቶ ላነሳ ስልኬን አወጣሁ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ለቀቅኩሽ።

ሁለት ቀን ሙሉ ስገፋሽ አልሄድም ያልሽው ጎማ፣ ያኔ ማንም ሳይነካሽ ተነሳሽ። ቀስ ብለሽ፣ እንደ ሙሽራ። ባቡሩ ሲታጠፍ አንቺም ታጠፍሽ። በመተላለፊያው ሰባት ወንበር አልፈሽ አንዲት አሮጊት እግር ላይ ወጥተሽ ቆምሽ። እቅፋቸው ውስጥ የነበረችው ቡችላ መጮህ ጀመረች። «ስኩዚ! ስኩዚ!» እያልኩ ደረስኩ። አሮጊቷ እኔን አላዩኝም፤ አንቺን ነው ያዩት። ከዚያ በጣታቸው ከወንበራቸው ስር ያለውን የራሳቸውን ሻንጣ አሳዩኝ። አሮጌ ቆዳ፣ ባለ ማንጠልጠያ፣ ጎማ የሚባል ነገር የሌለው። አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍሎረንስን በአጭሩ ልለፈው፤ አንቺም በአጭሩ ነው ያሳየሽኝ። ያንን የሚያህል የዱኦሞ (የካቴድራሉን) ጉልላት መሬት መሬቱን እያየሁ ዞርኩት። በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተነሱ መነኮሳት ለጉባኤ እዚህ ከተማ ድረስ መጥተዋል። መቼም መቋሚያቸውን ሳይዙ አይቀሩም። መቋሚያ ትደገፊዋለሽ እንጂ አይደገፍሽም።

ለእውነት ሲባል ቦሎኛ ላይ አምሮብሻል። ከተማዋ ከዝናብም ከፀሐይም የሚጋርዱ ባለ ቅስት የእግረኛ መተላለፊያዎች አሏት፤ መሃል ከተማው ብቻ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ዩኔስኮ በ2021 መዝግቧቸዋል። አብዛኛው ወለል ልስልስ ነው። እዚያ እንደ መርካቶው ሽር አልሽ፤ እኔም እንደ ሰው ተራመድኩ። ጣቢያው ላይ ግን አንድ ሰዓት አለ፣ 10፡25 ላይ የቆመ። በ1980 ነሐሴ ወር ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰው የሞተበት ደቂቃ ነው። እሱ ስር ቆመን አንቺም ኮሽ ሳትዪ ቆየሽ። አመሰግናለሁ።

ቬኒስ ላይ ግን ሙድ ያዝሽብኝ።

መኪና የሌለበት፣ ከ400 በላይ ድልድይ ያለበት ከተማ ነው። ድልድዩ ደግሞ ደረጃ ነው። በ2014 «ቬኒስ የሻንጣ ጎማ ልትከለክል ነው፣ ቅጣቱ እስከ 500 ዩሮ ነው» የሚል ወሬ ዓለምን ዞሮ ነበር። ኋላ የመንገደኛን ሻንጣ አይመለከትም ተባለ። ይኼ አምስት መቶ የሚባል ቁጥር ጣሊያን ውስጥ አይለቀንም ማለት ነው። ለማንኛውም ቢከለክሉሽ ኖሮ እኔ ነበርኩ የምፈርምላቸው።

ከጣቢያው እንደወጣን ስካልዚ ድልድይ ተደቀነ። ሻንጣውን አንስቼ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ወጣሁ። ጫፍ ላይ ደርሼ «እፎይ» ብዬ ሳስቀምጠው፣ ቀጭ! ተገንጥለሽ ወጣሽ። በዚያኛው በኩል ደረጃ በደረጃ ጠብ፣ ጠብ እያልሽ ወረድሽ። በዚያ ሁሉ መንገድ አንድም ቀን እንደዚያ ቆንጆ አድርገሽ ተንከባለሽልኝ አታውቂም። ውሃው ጋ ልትደርሺ ስትዪ አንድ ቱሪስት በጫማው አስቆመሽ። አንስቶ፣ አቧራሽን አራግፎ፣ የወደቀ ቀለበት እንደሚመልስ ሰው በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ግራትሲዬ» አልኩት። ከልቤ አልነበረም።

በ1402 የአፄ ዳዊት መልእክተኞች እዚሁ ቬኒስ ሲገቡ ለገጸ በረከት ያመጡት አራት ነብር ነበር። ነብር ቀላል ዕቃ ነው አልልም። ግን ነብር በእግሩ ይሄዳል።

ያንን ቀን ደረቴ ላይ ያቀፍኩት ሻንጣ ሚላኖ ኤርፖርት ሲገባ ምን ሆነ መሰለሽ? በሦስት ጎማ፣ በአንድ ጣት፣ ሽር! አንቺ ኪሴ ውስጥ ነበርሽ። ልብ በዪ፣ ሳትኖሪ ነው የሄደው።

አዲስ አበባ ገብቼ ምናለሽ ተራ ወሰድኩሽ። ባለሙያው አገላብጦ አየሽና «ይቺን ምን ላይ ነው የነዳችኋት?» አለኝ። «ሮም» አልኩት። ሳቀ። አንቺን መልሶ ከመግጠም ሌላ ማስገባት እንደሚቀል ነገረኝ። የተጠቀለልሽበት ካልሲ የኔ መሆኑን ግን አትርሺ። ጥንዱ ስለጠፋ ነው እንጂ በክብር አይደለም።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ሻንጣዋ

ግልባጭ፦
ለቀሪዎቹ ሦስት ጎማዎች (እንዲያውቁት)
ለእጀታው (ለማስጠንቀቂያ)
ለታናሽ ወንድሜ (ለሚቀጥለው ጉዞ ትከሻውን እንዲያዘጋጅ)