2 ሜትር በ5 ደቂቃ ሂዱና እንነጋገር

«ስክሪፕት መጻፍ ያቃተው ተማሪ መሸሸጊያ ነው።» መሐል አዲስ አበባ ባለ አንድ የትያትር ትምህርት ክፍል የአንዲት ተመራቂ ተማሪን ቃል አልባ ተውኔት «ንግግር ካልተጨመረበት አይመዘንም» ብሎ የመለሰው ገምጋሚ የሰጠው ምክንያት ይኸው ነው። ተውኔቱ ላይ አንዲት ሴት ባዶ ጄሪካን ይዛ፣ እጅግ ዝግ ብላ፣ ወደ ደረቀ ቧንቧ ትሄዳለች። ሌሎች ምክንያቶችም ተደርድረዋል፤ የዚህኛውን ያህል የሚያናድድ ግን የለም።

መሸሸጊያ? እንግዲያው ገምጋሚው ጫማቸውን ያውልቁ። ወለሉ ላይ 2 ሜትር ለክተው በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ ስልካቸው ላይ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ከፍተው በደቂቃ 60 ምት ላይ ያቁሙት። ጃፓናዊው ጸሐፌ ተውኔትና አዘጋጅ ኦታ ሾጎ እ.ኤ.አ. በ1981 ባቀረበው ቃል አልባ ተውኔት ተዋንያኑን ያስኬደው በዚህ ልክ ነው፦ 2 ሜትር በ5 ደቂቃ። በደቂቃ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንዲት አጭር እርምጃ። 20 ምት ክብደትን ወደ ቋሚው እግር ለማዛወር፣ 20 ምት ሌላውን አንሥቶ ለማሻገር፣ 20 ምት ለማሳረፍ።

የመጀመሪያዋን እርምጃ ማንም ይወጣታል። ከዚያ የቆመው እግር ቁርጭምጭሚት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጀማሪ ጉልበቱን ይገትራል፤ ጉልበት ከተገተረ ደግሞ ሚዛን የመጠበቁ ሸክም ሁሉ ቁርጭምጭሚት ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ጉልበትን ጥቂት አጠፍ አድርጎ፣ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ከተዛወረ በኋላ ብቻ ተረከዝ ማንሣት ነው። አብዛኛው ሰው ግን እግሩን አስቀድሞ ክብደቱን ያስከትላል። ያኔ ዳሌ ይዘምማል፣ ትከሻ ሊያካክስ ይሞክራል፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ያየዋል። ትንፋሹን የያዘ ተዋናይማ ወዲያው ይጋለጣል፤ ደረቱ ደርቆ እንቅስቃሴው እንደ አሮጌ ፊልም ይቆራረጣል። ቆም ሄድ፣ ቆም ሄድ ማለት ዝግታ አይደለም። መቀመጥ ከሁሉም ይከፋል፦ በርጩማው ሊደረስ አንድ ስንዝር ሲቀር ጭን ይከዳና ሰውዬው ዱብ ይላል። አንዲት ዱብታ የግማሽ ሰዓት ሥራ ታፈርሳለች። በንግግር ትያትር ቃል የጠፋበትን ተዋናይ ጓደኛው ይደርስለታል። እዚህ ማን ይድረስለት?

ስክሪፕት የለውም መባሉም ስሕተት ነው። ዓይን በስንተኛው ምት እንደሚዞር፣ አንገት ስንት ምት ቆይቶ እንደሚከተለው፣ ትከሻ መቼ እንደሚነሣ ካልተጻፈ ሁለት ተዋንያን አንድ መድረክ ላይ ሊገናኙ አይችሉም። የመብራት ባለሙያውም 3 ደቂቃ የሚፈጅ ማደብዘዝ በስሜት አያወርድም፤ ወረቀቱን ይፈልጋል።

«ዝግታ ባህላችን አይደለም» የሚሉም ተነሥተዋል። ከሀገር ፍቅር ትያትር ወጥተው ጥቂት ቢራመዱ አራዳ ጊዮርጊስ ነው። በማሕሌት ሌሊት ቆመው ዝማሜ የሚባለውን ዝግተኛ ክፍል ይመልከቱ፦ ከበሮው ገና ዝም ብሎ፣ ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው እኩል ሲዘምሙ። ከበሮው መረግድ ከሚባለው ቀጣዩ ክፍል ጋር ይመጣል፣ እየጋለ ሄዶ ጽፋት በሚባለው ፈጣን ክፍል ላይ ጭብጨባው ይከተላል። ያ ሙቀት የሚጣፍጠው ያ ዝግታ ስለቀደመው ነው። (ማሕሌት ትያትር ነው አላልኩም፤ ስድብ ለማዋጣት የተሰናዳችሁ ተረጋጉ።) ይህን ያህል አቋቋም (የማሕሌቱ የዜማና የእንቅስቃሴ ሥርዓት) በእጁ ያለ አገር ዝግታን ከባዕድ ተበደረ ሲባል ያስቃል።

«ተመልካች አይታገስም» ለሚሉት ደግሞ፣ ሕዝቡ ማታ ማታ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ምን እንደሚሠራ ሄደው ይዩት።

አሰልቺ ዝግታ እንዳለ አልክድም። ተዋናዩ ወዴት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ ሳያውቅ ሲቀር ዝግታው ድንዛዜ ይሆናል። ይህን የሚለይ ግን ሥራውን እስከ መጨረሻው ያየ ሰው ነው እንጂ ገጸ ባሕርያቱ ስንት ዓረፍተ ነገር እንደተናገሩ የሚቆጥር አይደለም።

ደግሞስ ምን ንግግር ይጨመር? ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ የተሸካሚውን ትከሻ ይጎትታል፣ ወገቡን ወደ ሌላው ጎን ያጎብጣል። ባዶው ጄሪካን ግን ይወዛወዛል፤ የሴትዮዋ ትከሻ ስትሄድም ስትመለስም ቀጥ ያለ ነው። ይህን እያየን «ውሃ የለም» እንድትለን ነው የሚፈለገው?